ገና ያልመጣው ቅዳሜ

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«አስቴር፣ ቆይ፣ መጀመሪያ...»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁህ!»

«ሐሙስ።»

«ታዲያ ቅዳሜን ማን ነገረህ?» ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጠፈችው። «አንብበው! ቅዳሜ፦ ስምንት። እንቅልፍ፦ ሰባት ሰዓት። ምን ሠራ፦ ጎረቤት ጠይቆ መጣ፣ ትንሽም ሳቀ። የማን ቤት ሄዶ ነው የሚስቀው፣ ደሬ? ምን ተብሎለት ነው የሚስቀው? እስቲ ንገረኝ፣ እኔም ልሳቅ!»

 ዝም ያልኩት አፍሬ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ጥሩ መልስ እየፈለግሁ ነው ዝም ያልኩት።

አስቴር የታላቅ ወንድሜ የዘሪሁን ሚስት ናት። ጨለለቅቱ ከተማ በተከራዩት ሁለት ክፍል ቤት ሦስታችንም እንኖር ነበር፤ እነሱ ጓዳ፣ እኔ የፊተኛው ክፍል ሶፋ ላይ። ያን ዕለት ጠዋት ስትነቃ ጎኗ ባዶ ነው። ጃኬቱ የለም፣ ጫማው የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ የዘሪሁንን ስሜት ማታ ማታ እንድመዘግብበት ከሕክምና የተሰጠኝ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ የዘሪሁን ሞባይል ተቀምጧል። ለሕክምና ቀጠሮ ካልሆነ ከቤት መውጣት ካቆመ ስምንት ወር ያለፈው ሰው፣ ስልኩን ትቶ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ እኔ በተኛሁበት ክፍል አልፎ ሄዷል። እኔ አልሰማሁም። እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

«አንድ ቀን ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጩኸቷ ይሻለኝ ነበር።

«ጠይቄዋለሁ።»

«ስንቴ?»

«መጀመሪያ ሰሞን... ሦስት ቀን።»

«በሁለት ወር?»

«አስቴር፣ የሰው ስሜት እኮ በቁጥር...»

«ውጣ!» አለችኝ። «ውጣና ፈልገው። በግጥም አይደለም፣ በእግርህ።»

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ደስ የሚል ሰው አታገኙም።

ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ጥፋቱ የፈተናው ነው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነብ ነበር፤ ከዲላ እስከ ጨለለቅቱ የሚያስብ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩም አልጠራጠርም ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያለፈ ያገደመውን በልቤ እሰድባለሁ፤ የሰደብኩትንም ቤት አስመትቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሥራዬ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ መዝጋቢነት ነበር። የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ በየሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ ፀሐይ ሲከር መሸፈን አለበት፣ እርጥበቱ በየቀኑ መለካት አለበት። ይህ ሁሉ ቅጽ ላይ ይሞላል። እኔ ታዲያ የሳምንቱን ቅጽ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ በአንድ ከሰዓት እጨርሰው ነበር። ገና ያልተለካውንም ቀን ጭምር። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። እስክሪብቶ እቀያይራለሁ። አንዱን ቁጥር ሰርዤ ከጎኑ ሌላ እጽፋለሁ፤ ሰው የተሳሳተበት ወረቀት ይታመናልና። ጥግ ጥጉን በእርጥብ እጅ አሸዋለሁ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ያገላብጥና «ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ ይፈርማል። አልጋው ጋ ሄዶ እጁን ቡናው ላይ ያሳረፈ ተቆጣጣሪ ግን አላየሁም። ናቅኋቸው። ንቀቴ ትክክል ነበር፤ ችግሩ እኔም ከእነሱ አንዱ መሆኔን አለማወቄ ነው።

ዘሪሁን በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ዱመርሶ በሚገኝ ሌላ ማጠቢያ የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ነበር። ቡናውን ዘግኖ በጆሮው አጠገብ ሲያንኮሻኩሸው መድረቅ አለመድረቁን በድምፁ ይለያል። ታዲያ አንድ ወቅት ላይ ሁሉን አቆመ። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። መጀመሪያ መብላት ቀነሰ፣ ቀጥሎ መናገር፣ ቀጥሎ ከአልጋ መነሳት። ጎረቤት አንዱ ጸሎት አለ፣ አንዱ ስንፍና አለ፣ አንዱ የሰው ዓይን አለ። ሁሉንም ናቅኋቸው። እኔ የሠራሁት ግን ከእነሱ የባሰ ነው። ሐዘኑን ወደድኩለት። በቤታችን ጥግ እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር መቀመጡ አኮራኝ። «ዝምተኛው ወንድሜ» የሚል ረጅም ግጥም ጽፌ ዲላ በአንድ የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ምሽት አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ፤ አንዲት ልጅ እንባዋን ጠረገች። ዘሪሁን ግጥሙን አልሰማም። አላነበብኩለትም።

ዘሪሁንን ዲላ ሐኪም ቤት የወሰደችው አስቴር ናት፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ወይንሸት፣ ፍጥነት የሌላት፣ ሰው ሲያወራ እስክሪብቶዋን የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። መድኃኒቱን ከጻፈች በኋላ ባለ ሠላሳ ሣጥን ወረቀት አወጣችና ወደ እኔ ገፋችው።

«ለአሁኑ እሱ እስክሪብቶ ማንሳት ይከብደዋል። ማታ ማታ ጠይቀው። አንድ ማለት በጣም የከፋ፣ አስር ማለት በጣም ጥሩ። ስንት ሰዓት እንደተኛና ምን እንደሠራም ጻፍ። የምትጽፈው እሱ ያለውን ነው፤ የአንተን ግምት አይደለም።»

«ሐዘን በቁጥር ይለካል እንዴ ሲስተር?» አልኳት ፈገግ ብዬ።

«አይለካም» አለችኝ። «ግን ሰኞና ዓርብ አንድ አለመሆናቸው ይታያል። እሱ ራሱ እንዲያየው ነው።»

ይህን መልስ ዝቅ አድርጌ አየሁት። እሷንም ጭምር።

ሦስት ምሽት ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት?» እጆቹን ያያል። ግድግዳውን ያያል። አንድ ሰው ጠዋት ከነቃበት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳ ሲመዝን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ያህል ጊዜ ይወስድበታል። ከዚያ «አራት» ይላል። እስክሪብቶዬን ሳነሳ «አይ ቆይ፣ ሦስት። ከምሳ በኋላ የነበረውን ረስቼው ነው» ይለኛል። ስድስት ወር ሙሉ ሰው የጠየቀውን ነገር ሁሉ በትከሻው ሲመልስ የኖረ ወንድሜ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ግን እንደ ትልቅ ሥራ ያዘው። እኔ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመታሁ ጠበቅሁ። የሚጻፍ ግጥም ነበረኝ። በአራተኛው ቀን አልጠየቅሁትም። እሱም አላስታወሰኝም፤ ሲመሽ ብቻ ቀና ብሎ ያየኛል።

የቀረውን እንደ ቡናው ቅጽ ሞላሁት። ከሦስት ተነስቶ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ለመታመን ያህል በመሐል አንድ ቀን ዝቅ የሚል፣ መጨረሻው ሰባት። ወሩ ሲያልቅ ዲላ ሄድን።

«ሰባት!» አለች ሲስተር ወይንሸት። ፊቷ በራ። «አቶ ዘሪሁን፣ በጣም ጥሩ እኮ ነው! እርስዎስ ይሰማዎታል ለውጡ?»

ዘሪሁን ዞር ብሎ አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ብዙ ቆይቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ቀጠሮውን ወደ ሁለት ወር አራዘመችው፤ ከመድኃኒቱም ቀነሰችለት። ሁለተኛውን ወረቀት ቤት ስንደርስ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቀድሜ ሞላሁና የግጥም ደብተሬ ውስጥ ከተትሁት... አይ፣ ይህም ውሸት ነው። መጀመሪያ አሥር ቀን ሞላሁ፣ ከዚያ ሌላ አሥር፣ በመጨረሻም እስከዚያ ቅዳሜ ደረስኩ። እንደ ደንቡ፣ በየተራ አጭበረበርኩ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሞተር ሳይክል ይዤ የወጣሁት ይህ ሰው ነኝ።

ዘሪሁን ይሄድበታል ብዬ ያሰብኩት ኢዲዶ ነው፣ የአባታችን ቦታ። ሞተረኛው መንገዱን ሙሉ ስለ ጎማ ዋጋ አወራኝ። «ወንድሜ ጠፍቶ ነው» ስለው «ይገኛል፣ ሰው የት ይሄዳል!» ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ። ናቅሁት። ይርጋጨፌን አልፈን ወደ ኢዲዶ ስንገባ የእሸት ቡና ለቀማ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየን ነበር። አክስታችን ግቢ ደርሼ ጠየቅሁ።

«ዘሪሁን? ከባለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኑን አላየሁም» አለችኝ። ቅርጫቷን አስቀመጠች። «ምነው? ብቻውን ነው የወጣው? ምን ብላችሁ ለቀቃችሁት?»

ከእንሰቱ በስተጀርባ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደ ወንዙ ይሄዳል። በሩጫ ወረድኩ። ውኃው ጎርፎ ነበር። ዳር ዳሩን እየሄድኩ «ጋሼ!» እያልኩ ጮኽኩ። ድንጋይ ላይ ጨርቅ ያየሁ መስሎኝ ሮጥኩ፤ የማዳበሪያ ጆንያ ቅዳጅ ነው። እዚያ ቆሜ እያለሁ አንድ ስንኝ መጣልኝ። ስለ ወንዝ። ሁለተኛው ተከተለው። ቤት መታ። ደስ አለኝ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወንድሜን ውኃ ውስጥ እየፈለግሁ፣ ሐረጉ ስለገጠመልኝ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ያ ልጅ ዛሬ በመንገድ ቢያገኘኝ ሰላም አልለውም።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ዱመርሶ ነበር። የድሮ ማጠቢያው በር ላይ ስወርድ ቀን አምስት ሰዓት አልፏል። አልጋዎቹ መሐል ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ወርቄ ትባላለች፤ ከዘሪሁን ጋር ዓመታት ሠርታለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም።

«አንቺ ነሽ ወንድሟ?» አለችኝ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። «ግጥም የምትጽፊው?»

«ጋሼን አይተሽዋል?»

«መጥታ ነበር። በጠዋት፣ በእግር፣ እግሯ ጭቃ ብቻ። እዚህች ጋ ቆማ ቡናውን ዘገነች፣ አንኮሻኮሸች። 'ነገ አውርዱት' አለችን። ሳቅን። ዛሬ አለቃችን ወረቀት አይቶ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል ብሎን ነበር እኮ!»

«ከዚያስ? ወዴት ሄደ?»

«ዲላ። መኪና አስቆምንላት። ምን ልትሠሪ ስላት 'ያልኩትን ሳይሆን ያላልኩትን ጽፈውብኛል፣ ላስተካክል' አለች።» እጇን ከቡናው ላይ አንስታ ተጠጋችኝ። «ማን ነው የጻፈባት?»

ሞተረኛውን «ዲላ» አልኩት። ወርቄ ከኋላዬ የሆነ ነገር በጌዴኦኛ ተናገረች፤ ሴቶቹ ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ትርጉም አያስፈልገውም።

ሕክምናው ግቢ ስደርስ ዘሪሁን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ማንኛውም ሰው። ወንዝ ለወንዝ ያስሮጠኝ ግጥሜ ነው። እሱ ተራ ሰው ነውና ተራ ነገር አደረገ፤ መኪና ተሳፍሮ ሐኪም ቤት መጣ።

አስቴር ጋ ደወልኩ። «አለ» አልኳት። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ስጠው» አለችኝ። ሰጠሁት። «ደህና ነኝ... አይ፣ ደህናስ አይደለሁም፣ ግን አለሁ» አላትና ስልኩን መለሰልኝ።

ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ስልክህን ለምን ትተህ...»

«ትደውላላችኋ። ከደወላችሁ ደግሞ እመለሳለሁ።»

«ወረቀቱንስ? ለሲስተር የምታሳያት መስሎኝ።»

«የኔ አይደለም እኮ» አለኝ።

 ከዚያ ያለወትሮው እሱ ቀጠለ። እየቆራረጠ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሲስተር 'ሰባት' ስትል... ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ያለ መሰለኝ። ሰባት ማለት እንዲህ ከሆነ፣ የዳነ ሰው እንዲህ ከሆነ የሚሰማው፣ ከዚህ በላይ ምን ቀረ አልኩ። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የቀረኝ። አስርም ደርሼ እንኳ እንዲሁ ልሆን ነው? ያን ወር ሙሉ ይህን ሳስብ ነበር የከረምኩት፣ ደሬ። እዚህ ወንበር ላይ ልነግርህ የማልፈልገውንም አስቤያለሁ።»

«ጋሼ...»

«ቆይ። ትናንት ደብተርህ ውስጥ ወረቀቱን አየሁ። ቅዳሜን አየሁት። 'ትንሽም ሳቀ' ይላል። እውነትም ሳቅሁ፣ ብቻዬን። ሰባት አይደለሁማ! ሁለት ነኝ። ሁለት ከሆንኩ ደግሞ... ብዙ ይቀራል ማለት ነው።»

 ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ያለ ጌጥ የምናገረው አንድም ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

አሁን እናንተን ላናግር፣ ተራችን እስኪደርስ። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዘሪሁን አለ። ዛሬም ሁለት የሚሆንበት ቀን አለው፤ ግን ሁለት መሆኑን ያውቃል፣ ከዚያ በላይ ቁጥር መኖሩንም ያውቃል። ወረቀቱን ራሱ ይጽፋል። አስቴር እንደነገረችኝ፣ እንቅልፉ ሲጓደል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ እንደሚወድቅ ከወረቀቱ ደረሱበት፤ አሁን ውድቀቱን ቁጭ ብለው አይጠብቁትም፣ ቀድመው ሲስተር ጋ ይሄዳሉ። ያን የሚያህል ነገር ከግጥሞቼ አንዱም አልነገረኝም። የማጠቢያውን ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ማንም አላባረረኝም፣ እንዲያውም ጎበዝ መዝጋቢ አጣን ብለው አዘኑ። ስለ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አንድም ስንኝ አልጻፍኩም። ይህን የምጽፈውም አስቴር አንብባ ፈቅዳ ነው፤ ሁለት ቦታ አስተካክላኛለች፤ ሁለቱም ቦታ ራሴን አሳምሬ ነበር።

ቤታችሁ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ጥልቅ ነው እያላችሁ አታድንቁት። ዛሬ ስንት ነህ በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መልሱ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ከሰለቻችሁ እናንተም ያኔ የነበርኩት እኔ ናችሁ፤ ያን ልጅ ምን እንደምለው ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። መልሱ ሲመጣ እሱ ያለውን ጻፉ። ከፋችሁም ደስ አላችሁም፣ እሱ ያለውን።

ስሙ ተጠራ። አብረን ገባን። ሲስተር ወይንሸት ካርዱን ገልጣ ቀኑን አየችና ግራ ገባት።

«አቶ ዘሪሁን፣ ቀጠሮዎ ገና ነው። ምን ሆኑ?»

«ሲስተር» አልኩ ቀድሜ፣ ቆሜ። «እኔ ነኝ። ወረቀቱን... ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በኋላ ያለውን በሙሉ ከራሴ ነው የጻፍኩት። አልጠየቅሁትም።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮኽ አንድ ነገር ይቀልለኝ ነበር። ባለፈው ቀጠሮ መስኮቱን ማየቴን አስታወሰች መሰለኝ፣ ለአፍታ ተመለከተችኝ፤ ከዚያ መንገድ ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ እንደሚታለፍ አድርጋ አለፈችኝ። የድሮውን ወረቀት ከካርዱ ላይ ነቅላ ወደ ጎን አደረገችው። አዲስ አወጣች። እስክሪብቶዋን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አቶ ዘሪሁን፣ ዛሬ ስንት ነዎት?»

እጆቹን አየ። ግድግዳውን አየ።  እኔ፣ ምን ይሁን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣ አፌን ከፈትኩ። «ሲስተር፣ ቅድም ሁለት ነው...»

«ደሬ» አለ ዘሪሁን፣ ሳያየኝ።



«እሱ ይውጣ» አላት። «እነግርሻለሁ።»

ሲስተር ወይንሸት በአገጯ በሩን አሳየችኝ። ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ዞር ስል ዘሪሁን ራሱ ተነስቶ በሩ ድረስ መጥቷል። አየኝና በሩን ዘጋው።